ሰባ አራት እንቁላል

ቡታጅራ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 1999 ዓ.ም.

ሙባሪክ፣ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ ሩፋይዳስ ደህና ናት? ሰላምታውን ያሳጠርኩት ስላልናፈቅኸኝ አይደለም፤ ደሜ ፈልቶ ነው።

«የሳይንስ ውድድሩ ውጤት ደረሳችሁ ወይ? ልጅቷስ እንዴት ተቀበለችው?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ደርሶናል፤ ውጤት ከተባለ። የሳሌሃ ሪፖርት ሃያ ስድስት ገጹ በፖስታ ተመልሶ መጣ። የመጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ይላል፦ «እንስሳቱ ከኩሬ ተይዘው የተተኩ ትልልቅ እንቁራሪቶች ናቸው። ሥራው ማታለል ነው።» ከሥሩ ፊርማ አለ፤ ዶሮ የጫረው ይመስላል እንጂ ስም የለውም።

አንተ እዚያው ወልቂጤ የትምህርት ባለሙያ ስለሆንክ ነገሩን ከሥሩ ልንገርህና ፍረድ። ሳሌሃ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ ናት፤ የልኳንዳው የሙስተፋ ልጅ። አምና በሚያዝያ መጨረሻ እንሴኖ አክስቷ ሃሊማ ዘንድ ሄዳ፣ በዘመቻ ከተቆፈሩት ፕላስቲክ ከተነጠፈባቸው ኩሬዎች በአንዱ ውስጥ ጭራ ያላቸው የእንቁራሪት እጮች አየች። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከውሃ የማይወጡት፣ የኋላ እግራቸው ላይ ጥቁር ጥፍር ያላቸው ዓይነት ናቸው። በጀሪካን አመጣቻቸው። ቤተ ሙከራችን ውስጥ በትልቅ ሳፋ አስቀምጣ፣ አጎበር አልብሳ አሳደገቻቸው። ጭራቸው የጠፋበትን ቀን ጽፋለች። በየዓርቡ በማስመሪያ ለክታቸዋለች፤ አንድ ዓርብ አልዘለለችም።

አሥር ወር ሲሆናቸው፣ የካቲት 23፣ ከሴቶቹ አንዷ እንቁላል ጣለች። ሰባ አራት። አንድ ላይ አይደለም፤ እያንዳንዱን ለየብቻ ሣሩ ላይና ጠጠሩ ላይ እየለጠፈች። ወላጆቹ መልሰው እንዳይበሉት ሳሌሃ አንድ በአንድ ለቅማ ሌላ ሳፋ ውስጥ አኖረችው። መማሪያ መጽሐፋችን እንቁራሪት ሁለት ዓመት ሳይሞላት እንቁላል አትጥልም ይላል፤ እኔም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲያ ብዬ አስተምሬያለሁ። አንተንም ጨምሮ። አንዲት ልጅ መጽሐፉ ተሳስቷል የሚል ሥራ ይዛ ስትመጣ የሚሸለም ነበር የመሰለኝ።

የባሰው ደግሞ ይህ ነው። ወልቂጤ ላይ ስታቀርብ እኛን አስተማሪዎቹን ደጅ አስቀመጡን። ወንዱ የሴቷን ወገብ አቅፎ እንደሚውል ስትናገር ሦስቱም ዳኞች ሳቁ አለችኝ። አንዱ «ይህን ቁጭ ብለሽ ስታዪ አላፈርሽም?» አላት። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት። 

ካንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ያችን መስመር ማን እንደጻፋት ንገረኝ።

ፀዳለ


ወልቂጤ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህርቴ ለእትዬ ፀዳለ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ያ ጉልበትዎ ቀለል አለልዎ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሩፋይዳ «ለእትዬ ፀዳለ ሰላም በልልኝ» ብላለች። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ግምገማ ላይ ነበርን። ሰው ሁሉ ተገምግሞ እስኪያልቅ ወረቀት የሚነካ የለም።

ስለጠየቁኝ ነገር ያጣራሁትን ልንገርዎ። ውሳኔው ኮሚቴው በጋራ የደረሰበት ነው። ምክንያታቸውም ልጅቷን ለመጉዳት አይደለም። እርስዎ ራስዎ እንዳሉት መጽሐፉ ሁለት ዓመት ይላል። ሪፖርቷ ገጽ ሦስት ላይ «ምግብ፦ ዝንብና የምድር ትል» ተብሎ ተጽፏል። ዝንብ የበላች እንቁራሪት በአሥር ወር ያን ያህል ታድጋለች ብሎ ለማመን ተቸገሩ። በሰንጠረዡ ላይ ያለው መጠን የትልቅ እንቁራሪት መጠን ነው። ስለ ሳቁም፣ ሰው አንዳንድ ጊዜ ሳያስብ ይስቃል፤ ክፋት አይመስለኝም።

እኔን ቢሰሙኝ ይህን ነገር ቢተዉት ይሻላል። ልጅቷ ገና ናት፤ ለከርሞ በሌላ ርዕስ ትወዳደራለች። በዕፅዋት ቢሆን ጥሩ ነው።

አክባሪ ተማሪዎ
ሙባሪክ


ቡታጅራ፣ ግንቦት 2 ቀን 1999 ዓ.ም.

ሙባሪክ፣ ስለ ጉልበቴ መጠየቅህን ወድጄዋለሁ። ሌላውን ግን አልወደድኩትም።

እኔ ማን ጻፈው አልኩህ፤ አንተ ኮሚቴው አልከኝ። ኮሚቴ እስክሪብቶ አይይዝም። የጻፈው አንድ እጅ ነው። ያልጠየቅኩህን መልሰህልኝ የጠየቅኩህን ዘለልከው፤ ስምንተኛ ክፍል እያለህም ፈተና ላይ እንዲህ ታደርግ ነበር።

«በዕፅዋት ቢሆን» የምትለው ደግሞ ምን ማለት ነው? ዕፅዋት አይዳቀሉም? ነው ወይስ አበባ ሲዳቀል ዳኞቻችሁን አያስቃቸውም?

አሁን ልብ ብለህ ስማኝ። ሳሌሃ ትልልቅ እንቁራሪት ከኩሬ አምጥታ ብትተካ ኖሮ፣ የትልቅ እንቁራሪት እንቁላል ስንት እንደሆነ ታውቃለህ? በመቶዎች ነው፤ አንዳንዷ ሺህ ትደርሳለች። የሳሌሃዋ የጣለችው ሰባ አራት ነው። ሰባ አራት የሚጥል ገና የመጀመሪያው የሆነ፣ ሰውነቱ ያልጠነከረ ልጅ እንስሳ ነው። ማስረጃው ራሱ ሪፖርቱ ውስጥ ተቀምጧል፤ ገጽ አሥራ ዘጠኝ። እዚያ ድረስ ያነበበ ዳኛ አልነበረም ማለት ነው፣ ወይም አንብቦ አልገባውም። ከሁለቱ የቱ እንደሚሻል አንተው ምረጥ።

እዚህ ያለውን ደግሞ ልንገርህ። ነገሩ ትምህርት ቤቱን አዳርሷል። «አታላይዋ መጣች» ይሏታል። አባቷ ሙስተፋ እኔ ዘንድ መጥቶ ነበር። ጨዋ ሰው ነው፤ ድምፁን እንኳ አላነሳም። «እትዬ ፀዳለ፣ እኔ ሥጋ ስሸጥ ሚዛኔን ማንም ተጠራጥሮት አያውቅም። ልጄን በመንግሥት ወረቀት ላይ አታላይ አሏት። የማን ልጅ ናት ሲባል ስሜ ነው የሚጠራው። ትምህርት ይህን የሚያመጣ ከሆነ ይቅርባት» አለኝ።  ይኸው ነው ነገሩ፤ ያቺ ቃል ካልተነሣች ልጅቷ ከትምህርት ትቀራለች።

ስለዚህ እንዲህ አድርጌያለሁ። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ የሚኒባሱ ሹፌር ፈቃደ ጀሪካን ይዞልሃል። ውስጡ ከዚያው ከእንሴኖ ኩሬ የተቀዱ፣ ገና ከእንቁላል የወጡ እጮች አሉ። ሠላሳ ናቸው። አሳድጋቸው። ሪፖርቷን ዘርግተህ እሷ ያደረገችውን ሁሉ አድርግ። ዓመት ሳይሞላቸው እንቁላል ካልጣሉ እኔ ራሴ ወልቂጤ መጥቼ ዳኞቹን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከጣሉ ግን ያቺን መስመር የጻፈው ሰው በዚያው በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዛታል።

ፀዳለ


ወልቂጤ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህርቴ፣

እንኳን ለሁለት ሺው ዓመት አደረሰዎ። እኛም ጾሙን በሰላም ፈትተናል። «ምን ደረሱ?» እያሉ በፈቃደ በኩል በላኩብኝ ቁጥር ደህና ናቸው እያልኩ የሸኘሁት እስኪለይለት ብዬ ነው።

እጮቹ ሐምሌ ላይ ጭራቸውን ጨርሰው እንቁራሪት ሆኑ። ከሠላሳው አሥራ ዘጠኙ አሉ። ሪፖርቱን ግድግዳ ላይ ለጥፌ አንድም ነገር ሳላጎድል ሠርቻለሁ። ረመዳንን ሙሉ ጾሜን ይዤ ከከብት በረት ሥር ዝንብ ሳድን ከረምኩ። ሰፈሩ «የቢሮው ሰውዬ ምን ነካው?» ይላል። ሩፋይዳ ደግሞ ሳፋዋን ከወሰድኩባት ጀምሮ ልብስ የምታጥበው በባልዲ ነው፤ የምትለኝን እዚህ አልጽፈውም።

እትዬ፣ ቢከፋኝም እውነቱን መናገር አለብኝ። በአምስተኛው ወር የሳሌሃ እንቁራሪቶች አራት ሴንቲ ሜትር ተኩል ነበሩ። የእኔዎቹ ሁለት ናቸው፤ ትልቋ ሁለት ከሦስት ሚሊ ሜትር። ውሃው ያው ነው፣ ሳፋው ያው ነው፣ ዝንብና ትሉም ያው ነው። ጭቃ ውስጥ እንዳደረ ባቄላ እንዳሉ አሉ። እነዚህ በአሥር ወራቸው እንቁላል ይጥላሉ የሚለኝ ሰው ቢኖር እስቅበታለሁ።

ልጅቷን አታላይ ማለቱ ከባድ ቃል እንደሆነ ይገባኛል። ግን አንድ የደበቀችው ነገር አለ። እርስዎ በቅን ልብ አምነዋት ይሆናል። እባክዎ ይጠይቋት።

ሙባሪክ


ቡታጅራ፣ ኅዳር 9 ቀን 2000 ዓ.ም.

ሙባሪክ፣ ደብዳቤህን ሳነብ መጀመሪያ ቀድጄ ልጥለው ነበር። «ይጠይቋት» የምትለኝ ክፍል ውስጥ ያለች መስሎህ ነው። የለችም። መስከረም ላይ አልተመዘገበችም። አባቷ እንሴኖ ሃሊማ ዘንድ ልኳታል፤ ገበያ ላይ በርበሬ ትሸጣለች። ያልነገርኩህ እንቁራሪቶቹ ራሳቸው ይናገሩልኛል ብዬ ነው፤ አንተን ማሳዘን አልፈለግሁም ነበር። አሁን እዘን።

ቅዳሜ አውቶቡስ ይዤ ሄድኩ። ደብዳቤህን ሰጠኋት። አነበበችው። ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚለው ላይ ስትደርስ ፊቷ ተለዋወጠ። ያፈረች መሰለኝ፤ ለካ ለእንቁራሪቶችህ አዝና ነው። «በረሃብ እየገደሏቸው ነው» አለች።

ከዚያ አወጣችው። ዝንቡም ትሉም ጭራቸው ከጠፋ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያበላቻቸው ጉበት ነው። የአባቷ ልኳንዳ ጓሮ ውስጥ ሰው የማይገዛውን ቁርጥራጭ በራሷ ቢላዋ፣ በራሷ መክተፊያ እያደቀቀች በሳምንት አራት ቀን ታመጣላቸው ነበር። እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ አጠገቧ ቆሜ አላየሁም።

«ታዲያ ለምን ዝንብ ብለሽ ጻፍሽ?» ብዬ ጮህኩባት።

«ቲቸር፣ ሰው ቢሰማ ከአባዬ ሥጋ ማን ይገዛል?» አለችኝ። «እንቁራሪት ከሙስተፋ ልኳንዳ ትበላለች ከተባለ፣ በሚቀጥለው ቀን ክትፎ ቤቶቹ ሌላ ጋ ይሄዳሉ። አንዱ ርኩስ ነው ይላል፣ ሌላው ሐራም ነው ይላል።»

ይህን አንተ የዚህ አገር፣ የመስቃን ልጅ ሆነህ ልንገርህ አይገባኝም። እኔ ከጎጃም መጥቼ ስኖር የገባኝ ነገር ቢኖር በዚህ ከተማ በሥጋ አይቀለድም። ልጅቷ የአባቷን ቢላዋ ስም ለማዳን የራሷን ስም ሰጠች። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ያሰበችው ይህን ነው።

አውቶቡሱ ውስጥ መጀመሪያ በእሷ ተናደድኩ፣ ቀጥሎ በራሴ። ቡታጅራ ስንደርስ ግን ንዴቴ ተመልሶ እናንተ ላይ አረፈ። ስለ ምግቡ ዋሽታለች፤ ለዚያ ቀጥቻታለሁ። ስለ እንቁላሉ ግን አንዲት ቃል አልዋሸችም። ዳኞቹ ምግቡ አልጥም ካላቸው «ይህን ምን አብልተሽ ነው?» ብሎ መጠየቅ ምን ያደክማል? ሳቁባት፣ ከዚያ ወነጀሏት። መጠየቅ ግን አልጠየቋትም።

ከነገ ጀምረህ ጉበት አብላቸው። አድቅቀህ፣ በትንሹ፤ የተረፈውን አውጣ፣ አለዚያ ውሃው ይሸታል። የሙስተፋን ነገር ግን በየትኛውም ወረቀት ላይ እንዳታሰፍር፤ አደራ።

ማን እንደጻፈውም አልነገርከኝም። ስጠይቅህ ይህ ሦስተኛዬ ነው።

ፀዳለ


ወልቂጤ፣ ግንቦት 1 ቀን 2000 ዓ.ም.

እትዬ ፀዳለ፣

ጣሉ።

ሚያዝያ 28 ጠዋት ሩፋይዳ ናት ያየችው። «ና፣ ሳፋዬ ውስጥ የሰሊጥ ፍሬ በትነሃል» አለችኝ። ሣሩ ላይ፣ ጠጠሩ ላይ፣ የሳፋው ግድግዳ ላይ አንድ በአንድ ተለጥፈዋል። ብዙ እንቁላል ነው። ጉበቱን ከጀመርኩ ወዲህ በየሳምንቱ ሲያድጉ ዓይኔ እያየ ነበርና ተስፋ አድርጌ ነበር። ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀን ሲቀር ነው። መጽሐፉም እኔም ተሳስተናል።

አሁን የጠየቁኝን ልመልስ። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ከሦስቱ ዳኞች አንዱ እኔ ነበርኩ። ከሳቁትም አንዱ እኔ ነኝ። «አላፈርሽም?» ያላት ሌላው ነው፤ እኔ ግን ዝም አላሰኘሁትም። ቀዩ እስክሪብቶ በእኔ እጅ ነበር፤ «ባለሙያው ይጻፍ» አሉኝ፣ ጻፍኩ። ገጽ አሥራ ዘጠኝን አላነበብኩም ነበር። ከተማሪዎችዎ መካከል መሆኗን ሳውቅ ለእርስዎ አዳልቷል እንዳይሉኝ ፈራሁ፤ በዚያ ሰሞን ግምገማው እየመጣ ነበር። ፈርቼ ከሚገባው በላይ ጨከንኩ። ከዚያ በኋላ ደብዳቤዎ በመጣ ቁጥር ዛሬ እነግራቸዋለሁ እያልኩ በሌላ ወሬ ሞላሁት። እጮቹን በደንብ እያሳደግኩ እንኳ፣ ጉበቱን እስክጀምር ድረስ፣ እንዳይጥሉና እኔ ትክክል እንድሆን እጸልይ ነበር። ይህን ለእርስዎ ካልተናገርኩ ለማን እናገራለሁ።

ከዚህ ጋር የላክሁትን ይመልከቱ። ሦስታችንም ፈርመናል፤ አንደኛው ሳይወድ በግዱ። «ሥራው ማታለል ነው የሚለው ተሰርዟል፤ በወልቂጤ በተደረገ ሙከራ ዓመት ያልሞላቸው እንስሳት ብዙ እንቁላል ስለጣሉ የተማሪ ሳሌሃ ሙስተፋ ውጤት ትክክል ሆኖ ተገኝቷል» ይላል። እንስሳቱ የበሉት ከወልቂጤ ልኳንዳ እኔ ራሴ የገዛሁት ጉበት እንደሆነ በስሜ ጽፌያለሁ። የአባቷ ስም የትም የለም። ገጽ ሦስትን አልነካሁትም፤ እንዳለ አልፌዋለሁ። ልጅቷን ለመስከረም ያስመዝግቡልኝ። ይቅርታዬንም ይንገሩልኝ።

ሙባሪክ


ቡታጅራ፣ ግንቦት 14 ቀን 2000 ዓ.ም.

ሙባሪክ፣

አውቅ ነበር አልልህም። ጠርጥሬ ነበር፤ ግን ጥርጣሬዬን ጠልቼው ሌላ ሰው በሆነ ብዬ ዓመት ሙሉ ቆየሁ። ዳኞቹን ስሰድብ በየደብዳቤው የምሰድበው አንተን ነበር፤ አንተም እያነበብክ ስለ ጉልበቴ ትጠይቀኝ ነበር። ይህ የሚበርድልኝ ዛሬ አይደለም። ስትመጣ ቤቴ ትገባለህ፣ ምሳም ትበላለህ፤ ንዴቴን ግን እዚያው ታገኘዋለህ።

ወረቀትህን ይዤ ሙስተፋን አስከትዬ እንሴኖ ሄድን። ሳሌሃ ገበያ አልነበረችም። ሃሊማ «ሥራዋን ስትጨርስ የምትገኘው እዚያ ነው» ብላ ጓሮውን አሳየችን። ኩሬው ዳር ደብተር ይዛ ተቀምጣለች። ለካ እስካሁን አላቆመችም።

የሰረዝክበትን ወረቀት ጮክ ብዬ ለአባቷ አነበብኩለት። ዓይኑ እንባ ሞላ። እኔ ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ልጅቷ ግን ወረቀቱን ተቀብላ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ አነበበችና ፊቷን አጠቆረች።

«ገጽ ሦስት እንዳለ ነው» አለች።

«ዝም በይ» አልኳት። አላለችም። ዞራ ለአባቷ ሁሉንም ነገረችው፤ ጉበቱን፣ ጓሮውን፣ ሁሉንም። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሙስተፋ «በየትኛው ቢላዋ ነው የቆረጥሽው?» አላት።

«በራሴ። መክተፊያውም የራሴ ነው። የሱቁን ነክቼ አላውቅም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የደበቅሽው?» አላት። ከዚያ ተቆጣ፤ በሕይወቴ ሙስተፋ ሲቆጣ ያየሁት ያን ቀን ነው። «እኔ ዓመት ሙሉ ሰው ፊት አንገቴን የደፋሁት በእንቁራሪት ነው? ጻፊው። ሥጋዬን የማይፈልግ አይግዛ። ልጄ አታለለች ከሚሉኝ ለእንቁራሪት አበላች ቢሉኝ ይሻለኛል።»

ደግሞም እኛን ተቆጣን፤ አንተንም ጨምሮ። «ሁለት የተማራችሁ ሰዎች ስለዚህች ልጅ ዓመት ሙሉ ስትጻጻፉ፣ ለእሷ አንድ ደብዳቤ የጻፈላት አለ?» አለኝ። አልነበረም።

ለመስከረም አሥረኛ ክፍል ትመዘገባለች፤ ዘጠነኛን ጨርሳለችና። እሷ የጻፈችልህን አብሬ ልኬዋለሁ። ሳልከፍተው እንድልክ አስምላኛለች፤ አልከፈትኩትም።

ፀዳለ


እንሴኖ፣ ግንቦት 9 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለአቶ ሙባሪክ ሰይዶ፣

አሰላሙ አለይኩም። ወረቀቱ ደርሶኛል። ይቅርታዎንም ቲቸር ነግረውኛል።

አንደኛ፣ በሪፖርቴ ገጽ ሦስት «ዝንብና የምድር ትል» ያልኩት ትክክል አይደለም። ጭራቸው ከጠፋ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ያበላሁት የበሬ ጉበት ነው፤ ከአባቴ ከሙስተፋ ልኳንዳ፣ ቡታጅራ። አባቴ ስሙ እንዲጻፍ ፈቅዷል። እባክዎ ገጹን ያርሙት።

ሁለተኛ፣ እንቁላሉ ከመጣሉ በፊት በሳፋው ላይ የዝናብ ውሃ ጨምረው ነበር? እኔ የካቲት 21 በጣለው ዝናብ ሁለት ጣሳ ጨምሬ ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ነው የጣለችው። እርስዎ ካልጨመሩ ምክንያቱ ዝናቡ አይደለም ማለት ነው፤ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ሦስተኛ፣ ወረቀቱ ላይ «ብዙ እንቁላል» ብለዋል። ብዙ ቁጥር አይደለም። እዚህ ኩሬ ውስጥ ያለችው ትልቋ በዚህ ወር ስምንት መቶ አርባ ጥላለች፤ እኔ ሁለት ጊዜ ቆጥሬያለሁ። የእኔዋ ትንሿ ሰባ አራት ነው የጣለችው። የእርስዎ ወደየትኛው እንደሚቀርብ ሳይታወቅ የእኔ ትክክል ነው ማለት አይቻልም። እስካሁን ተፈልፍለው ይሆናል፤ እጮቹን ይቁጠሩ፣ ሳይፈለፈሉ የቀሩትንም ይደምሩ።

ይቅርታዎን የምቀበለው ቁጥሩ ሲደርሰኝ ነው።

ሳሌሃ ሙስተፋ